ከሉሳካ እስከ ካሱምባሌሳ፦ የመዳብ መንገድ ማስታወሻ

ሰኞ፣ ጥቅምት 10 ቀን 2018 ዓ.ም.፤ ሉሳካ

ጥቅምት እኛ አገር የብርድ መግቢያ ነው። ሉሳካ ላይ ግን የዓመቱ ሙቀት የሚበረታው በዚህ ወር ነው። ዝናቡ ገና አልጀመረም፤ የጃካራንዳ ዛፎች አስፋልቱን በሐምራዊ አበባ ሸፍነውታል፤ ሰው ሁሉ ጥላ ጥላውን ይዞ ይሄዳል። ያረፍኩት የወንድሜ ልጅ ቤት ነው። የዛምቢያ አየር መንገድ በ2021 እንደገና ሲቋቋም የኢትዮጵያ አየር መንገድ 45 በመቶ ድርሻ ይዞ ነበር፤ ልጁም በዚያው ሰሞን በሥራ መጥቶ እዚሁ ቀረ። (ከዕለቱ ቀን በቀር በዚህ ማስታወሻ የምጠቅሳቸው ቀኖች፣ ወሮችና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ጋሼ፣ ቪክቶሪያ ፏፏቴን ትተው የማዕድን ጉድጓድ ሊያዩ ነው የመጡት?» አለኝ። አዎ አልኩት። ዕድሜዬን የፈጀሁት የመንግሥት ድርጅቶችን ሒሳብ በመመርመር ነው፤ ከጡረታም በኋላ አመሉ አልለቀቀኝም። ዛምቢያ ከወጪ ንግድ ከምታገኘው ገንዘብ 70 በመቶ ያህሉ ከመዳብ ነው። ይህን ያህል ሀብቱን በአንድ ዕቃ ላይ የጣለ መንግሥት ዕቃው ስንት እንደሆነ፣ የት እንዳለ፣ ሲወጣ ምን አበላሽቶ እንደወጣ በምን ያውቃል? የመጣሁበት ጥያቄ ይኸው ነው።

ቀኑን ቢሮ ለቢሮ ስዞር ዋልኩ። ተቆጣጣሪ አልጠፋም፤ እንዲያውም በዝቷል። ፈቃድ ሲሰጥ የኖረው የማዕድን ሚኒስቴር ነው። የማዕድን ደኅንነት መምሪያ የሚባለው በሰሜን ባለችው የማዕድን ከተማ ኪትዌ ተቀምጦ የጉድጓዶቹንና ቆሻሻ የሚጠራቀምባቸውን ግድቦች ጤንነት ይመለከታል። የአካባቢ አያያዝ ኤጀንሲው፣ በዚህ አገር ሰው አጠራር ዜማ፣ ውኃውንና አየሩን ይጠብቃል። የገቢዎች ባለሥልጣኑ ግብርና ሮያሊቲ፣ ማለትም ከወጣው ማዕድን ዋጋ ለመንግሥት የሚከፈለውን ድርሻ፣ ይሰበስባል። በ2024 መጨረሻ የወጣው ሕግ ደግሞ የማዕድን ቁጥጥር ኮሚሽን የሚባል አዲስ ተቋም ፈጥሮ ፈቃድ መስጠቱንና መከታተሉን ከሚኒስትሩ ጠረጴዛ ወደዚያ እንዲሻገር አድርጓል። ሕጉን አገላብጬ አየሁት። እንደ ሕግ የሚያሳፍር አይደለም።

ያልጣመኝ ሌላ ነገር ነው። መንግሥት አብላጫውን ድርሻ የያዘበት ዜድሲሲኤም-አይኤች የሚባል ኩባንያ አለ። ይህ ኩባንያ በተራው በማዕድን ድርጅቶቹ ውስጥ ባለአክሲዮን ነው፤ በሞፓኒ 49 በመቶ፣ በኮንኮላ የመዳብ ማዕድን ደግሞ 20.6 በመቶ። የሚቀጣው መንግሥት፣ ትርፍ የሚካፈለውም መንግሥት መሆኑ ነው። በዚያ ላይ የፕሬዚዳንት ሂቺሌማ መንግሥት የአገሪቱን ዓመታዊ ምርት በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ ወደ 3 ሚሊዮን ቶን አደርሳለሁ ብሎ ዐውጇል። በ2024 የተመረተው 820,000 ቶን ያህል ነበር። ሦስት እጥፍ ተኩል ምርት የሚፈልግ አለቃ ያለው ተቆጣጣሪ፣ አንድን ማዕድን «ዛሬውኑ ዝጋ» ለማለት ብዕሩን ሲያነሳ እጁ ምን ያህል ይጸናል? ይህን የጠየቅኩት አንድ ወጣት የሕግ ባለሙያ ሳቀና «የመጡት ለጉብኝት አይደለም እንዴ?» አለኝ።

ማታ ውኃ ስቀዳ ልጁ ከፊሉ ከካፉዌ ወንዝ ተስቦ የሚመጣ መሆኑን ነገረኝ። ካፉዌ የመዳብ ማዕድኖቹ በተሰባሰቡበት በሰሜኑ ኮፐርቤልት አልፎ ነው ወደዚህ የሚወርደው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11፤ የሰሜኑ መንገድ

ገና ሳይነጋ ከመሐል ከተማው መናኸሪያ በአውቶቡስ ተነሣሁ። ከከተማው ስንወጣ ንግዌሬሬ በሚባለው ሰፈር አቅጣጫ ዐለፍን። በታኅሣሥ 2022 የሃያ ሰባት ሰዎች አስከሬን ሜዳ ላይ ተጥሎ የተገኘው እዚህ ነው፤ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲሻገሩ የሞቱ ኢትዮጵያውያን ናቸው ተብሎ ነበር። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ከየት እንደመጣሁ ጠይቃኝ ስነግራት ወዲያው ያነሣችው ይህንኑ ነው። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ አልተነጋገርንም።

ከሉሳካ እስከ ንዶላ ያለው መንገድ ወደ ሁለት ወገን እየሰፋ ስለሆነ ጉዞው አቧራና ማቆም፣ ማቆምና አቧራ ነው። ከፊት ለፊት የሚመጡት ተሳቢዎች ግን አያልቁም። አንዳንዶቹ ሸራ የለበሱ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ካቶድ የሚባሉትን ሰፋፊ የነጠረ መዳብ ሰሌዳዎች በብረት ቀበቶ አስረው ግልጥ አድርገው ይዘዋል። ቀዩ ብረት ፀሐይ ሲያርፍበት ከሩቅ ይታያል። መድረሻቸው ደርባን፣ ዋልቪስ ቤይ ወይም ሌላ ወደብ ነው፤ የዛምቢያም የኮንጎም መዳብ አንድ መንገድ ይጋራል።

ካብዌ ላይ ወርጄ ግማሽ ቀን ቆየሁ። ካብዌ የመዳብ ሳትሆን የእርሳስና የዚንክ ከተማ ነበረች፤ ጥንት ብሮክን ሂል ይሏት ነበር። በ1921 ማዕድን ሲቆፈር የተገኘው ጥንታዊ የራስ ቅል ዛሬም ለንደን ባለው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ውስጥ ነው። ማዕድኑ በ1994 ተዘጋ፤ የእርሳሱ ክምር ግን በከተማው ዳር ተጋልጦ ቀረ። ንፋስ በተነሣ ቁጥር አቧራው ሰፈር ይገባል፤ አፈር የሚጫወት ሕፃን እርሳሱን ይውጠዋል። እርሳስ በልጅ አእምሮ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ደግሞ በኋላ በመድኃኒት የሚመለስ አይደለም። በ2016 የዓለም ባንክ ለዚህ ጽዳትና ለመሰል ሥራዎች 65 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አበድሯል። በ2020 ነዋሪዎች ጆሃንስበርግ ሄደው ለማዕድኑ ብክለት ተጠያቂ ነው ያሉትን አንግሎ አሜሪካን የተባለ ኩባንያ ከሰሱ፤ በታኅሣሥ 2023 ፍርድ ቤቱ የጅምላ ክሱን አልቀበልም አለ፤ እነሱም ይግባኝ ብለዋል።

እዚህ የወረድኩት የቁጥጥር ጉዳይ ማዕድን ሲዘጋ እንደማያልቅ ለማየት ነበር። የመዝጊያ ገንዘብ አስቀድሞ ካልተያዘ ዕዳው ለመንግሥት፣ አቧራው ለሕዝብ ይቀራል። ዛምቢያ ዛሬ ለዚህ የሚሆን የአካባቢ ጥበቃ ፈንድ አላት፤ ማዕድን አውጪው ጉድጓዱን መዝጊያ የሚሆን ዋስትና እዚያ ያስይዛል። የካብዌ ባለቤት ሲሄድ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም።

ካፒሪ ምፖሺ ላይ ምሳ፦ ንሺማና ካፔንታ። ከዚህ ተነሥቶ 1,860 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ዳሬሰላም የሚገባው የታዛራ ባቡር ጣቢያ ከመንገዱ ገባ ብሎ ይታያል። ቻይናውያን በ1970ዎቹ አጋማሽ ሠርተው ያስረከቡት መዳቡ በነጮች በሚተዳደሩት የደቡብ አገሮች በኩል ማለፉ እንዲቀር ነበር። ንዶላ የገባሁት ከመሸ በኋላ ነው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12፤ ንዶላና ኪትዌ

ንዶላ ላይ የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ዳግ ሐመርሾልድ በ1961 አውሮፕላናቸው የወደቀበትን ሥፍራ አየሁ። የመጡበትም ጉዳይ የመዳብ አገር ነበር፤ ከኮንጎ ተገንጥላ ከነበረችው ከካታንጋ መሪ ጋር ሊነጋገሩ ነበር። ጥዶቹ ጸጥ ያሉ ናቸው፤ ብዙ አልቆየሁም።

ወደ ኪትዌ የሚወስደው ሁለት ወገን አስፋልት አንድ ሰዓት አይፈጅም። ከተማዋ ማዕድኑን ከኋላዋ አይደለም ያስቀመጠችው፤ የንካና ማዕድን ማማና ጥቁር የዝቃጭ ተራራ፣ መዳቡ ከወጣለት በኋላ የተከመረው ቅሪት፣ ከገበያው ይታያል። እዚህ የሚጠብቁኝ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ በመንግሥቱ የማዕድን ድርጅት ዘመን የብረታ ብረት መሐንዲስ ሆነው የሠሩ፣ አሁን ዶሮ የሚያረቡ። በረንዳቸው ላይ ሻይ ቀርቦልን እስከ ማታ አወሩኝ። ከዚህ ጉዞ የበለጠውን የተማርኩት ከሳቸው ነው።

ነገሩን ከ1969 ጀመሩት። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ካውንዳ በሉሳካው ሰፈር በማቴሮ ተነሥተው መንግሥት የማዕድኖቹን 51 በመቶ ይወስዳል አሉ። በ1982 መንግሥት የያዛቸው ሁለቱ የማዕድን ድርጅቶች ተዋሕደው ዜድሲሲኤም ተወለደ። ድርጅቱ ማዕድን ብቻ አልነበረም፤ ሆስፒታሉ፣ ትምህርት ቤቱ፣ የኳስ ሜዳው፣ ቆሻሻ የሚያነሣው መኪና የሱ ነበር። ያኔ ተቆጣጣሪ ምን ይሠራ ነበር ብዬ ብጠይቃቸው ትከሻቸውን ነቀነቁ። ራሱ መንግሥት ያወጣል፣ ራሱ ያቀልጣል፣ ራሱን ማን ይከሳል? በሙፉሊራ በመስከረም 1970 ከላይ የተከማቸው ዝቃጭ ወደ ጉድጓዱ ፈርሶ 89 ሠራተኞችን ሲቀብር ዕለቱ በአገር ደረጃ የሐዘን ሆነ። የዝቃጭ ማከማቻ አደጋ በዚህ አገር አዲስ ነገር አይደለም ማለታቸው ነበር።

ከዚያ የመዳብ ዋጋ ወደቀ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከ700,000 ቶን በላይ ያመርት የነበረው አገር በ2000 ወደ 250,000 ቶን ግድም ወረደ። ድርጅቱ እየተቆራረጠ ከ1997 እስከ 2000 ተሸጠ። አበዳሪዎች ቶሎ ሽጡ እያሉ ይገፋሉ፤ ገዢ የለም፤ ስለዚህ የተፈረሙት ውሎች የገዢ ውሎች ሆኑ። ሮያሊቲው 0.6 በመቶ ነበር። ግብሩ ለ15 እና ለ20 ዓመት እንዳይነካ ተቆለፈ። የብክለት ደረጃዎችን ለማሟላትም የእፎይታ ጊዜ ተሰጠ። ሽማግሌው «ሕጉ ነበር፤ ውሉ ግን ከሕጉ በላይ ተቀመጠ» አሉኝ። በ2008 መንግሥት ውሎቹን ሰርዞ ሮያሊቲውን 3 በመቶ አደረሰ፤ የመዳብ ዋጋ ከልክ በላይ ሲጨምር የሚከፈል ግብርም ጣለ። በዓመቱ የዓለም ዋጋ ሲወድቅ ያንኑ የጭማሪ ግብር አነሣ። ከዚያ ወዲህ የግብር ደንቡ በየጥቂት ዓመቱ ተለዋውጧል፤ ባለሀብቱም በዚህ ያማርራል፤ ማማረሩም ያለ ምክንያት አይደለም።

እኔ በሙያዬ ልቤን የሳበው የሞፓኒ የግብር ክርክር ነው። ሞፓኒ መዳቡን የሚሸጠው ለእናት ኩባንያው ለግሌንኮር ነበር፤ ያውም ከገበያው ዋጋ ባነሰ። እንዲህ ሲሆን ትርፉ ዛምቢያ ላይ ይኮስሳል፣ ሌላ አገር ላይ ይወፍራል። የገቢዎች ባለሥልጣኑ የውጭ ኦዲተሮችን አሰማርቶ ከ2006 እስከ 2009 ያለውን ሒሳብ አስመረመረ። ኩባንያው ተቃወመ፤ ከፍርድ ቤት ፍርድ ቤት ሄደ። በግንቦት 2020 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሞፓኒ 240 ሚሊዮን ክዋቻ፣ ማለትም 13 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንዲከፍል ፈረደ። ገንዘቡ ለማዕድን ኩባንያ ትንሽ ነው። ለእኔ ትልቁ ነገር አንድ የአፍሪካ መንግሥት የዓለም ገበያን ዋጋ ከኩባንያው ደረሰኝ ጎን አስቀምጦ «ይህ አይገጥምም» ማለት መቻሉና ፍርድ ቤቱም ማመኑ ነው። ከአሥር ዓመት በላይ ፈጀ እንጂ ተቻለ። ስለዚህ በዚህ አገር ቁጥጥር የለም የሚሉትን አልቀበልም። ራሱ መለካት በቻለበት ቦታ ያሸንፋል። የሚሸነፈው ሌላው የለካለትን ሲቀበል ነው።

አመሻሹ ላይ «ጥቁር ተራራ» የሚሉትን የዝቃጭ ክምር ከሩቅ አሳዩኝ። ወጣቶች በውስጡ የቀረውን መዳብ እየፈለጉ ይቆፍሩታል። በሰኔ 2018 ተንዶ አሥር ሰው ገድሏል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13፤ ቻምቢሺ

ጠዋት ከኪትዌ ወደ ቺንጎላ በሚወስደው መንገድ ተነሥተን ቻምቢሺ ገባን። ሹፌሩ ሐሳቤን ስለሚያውቅ ከዋናው መንገድ ወጥቶ በኮረኮንች ወደ ምዋምባሺ ወንዝ ወሰደኝ። ወንዝ ይበሉት እንጂ በዚህ ወቅት በሁለት ርምጃ የሚታለፍባቸው ቦታዎች አሉት።

በየካቲት 18 ቀን 2025 ሲኖ-ሜታልስ ሊች ዛምቢያ የተባለው የቻይና መንግሥት ኩባንያ ቅርንጫፍ የዝቃጭ ግድብ ተደረመሰ። 50 ሚሊዮን ሊትር አሲድ የበዛበት ቆሻሻ ወደዚህ ወንዝ፣ ከዚህም ወደ ካፉዌ ገባ ተባለ። ዓሣው ሞተ፤ በዳርቻው ያለ በቆሎ ተቃጠለ። 700,000 ያህል ሰው የሚኖርባት ኪትዌ የቧንቧ ውኃዋ ተቋረጠ። የብክለቱ ምልክት እስከ 100 ኪሎ ሜትር ድረስ ታየ። መንግሥት አሲዱን ለማርከስ ኖራ በጀልባም በአየር ኃይል አውሮፕላንም ወንዙ ውስጥ አስረጨ። የኩባንያው ኃላፊዎች ይቅርታ ጠየቁ።

ዳርቻው ላይ ያገኘኋት ገበሬ የልጅ ልጆች ያየች ጠንካራ ሴት ናት። እንግዳን ቆሞ ማናገር ነውር ስለሆነ ከማንጎ ዛፍ ሥር በርጩማ አወጣችልኝ። ጎመንና በቆሎ ታመርት ነበር። ያን ቀን ውኃው መጀመሪያ ቀለሙ ተለወጠ፤ ከዚያ ሽታ መጣ፤ ማግስቱን ዓሣዎቹ በሆዳቸው ተገልብጠው ተንሳፈፉ አለችኝ። አሁን ዘርታ እንደሆነ ጠየቅኳት። የዘራችው ከወንዙ የራቀውን ቁራሽ ብቻ ነው፤ ሌላውን አላመነችውም። ሰዎች እየመጡ ውኃ በጠርሙስ ቀድተው ይሄዳሉ፤ ከኤጀንሲው፣ ከኩባንያው፣ ከዩኒቨርሲቲ፣ ከድርጅቶች። «ሁሉም ይወስዳሉ፤ መልስ ይዞልኝ የመጣ ግን የለም» አለች።

ይህ ነገር ቀኑን ሙሉ ከራሴ አልወጣም። በነሐሴ መንግሥት የወንዙ የአሲድ መጠን ወደ ጤናማው ተመልሷል፤ የሚያስደነግጥ ነገር የለም ብሎ ነበር። በዚያው ወር የአሜሪካ ኤምባሲ ሠራተኞቹን ከአካባቢው አስወጣ። ሁለቱም ስለ አንድ ወንዝ ነው የሚናገሩት። ሽማግሌው መሐንዲስ ትናንት ያስረዱኝ ነገር እዚህ ላይ ጠቀመኝ። ኖራ አሲዱን ያረክሰዋል፤ ያኔ በውኃው ውስጥ ሟሙተው የነበሩት ብረቶች ጠጥረው ወደ ታች ይዘቅጣሉ። ከላይ የተቀዳው ውኃ ሲለካ ደህና ይሆናል፤ እርሳሱ፣ ካድሚየሙና አርሴኒኩ ግን ጭቃው ውስጥ ተኝቷል። ክረምት መጥቶ ጎርፉ ወለሉን ሲያምስ ወይም ጭቃው ማሳ ላይ ሲወጣ ነገሩ እንደገና ይጀምራል። ስለዚህ «የአሲዱ መጠን ተመልሷል» የሚለው መግለጫ ውሸት ላይሆን ይችላል፤ የለካው ግን ከጥያቄው ግማሹን ነው። ዝናቡ ደግሞ ሳምንታት ብቻ ቀርተውታል።

ጉዳቱን እንዲገመግም የተቀጠረው ድሪዚት የተባለ የደቡብ አፍሪካ ድርጅት ነበር። ክፍያው ከራሱ ከበካዩ ኩባንያ ነው። ድርጅቱ የፈሰሰው መርዛማ ዝቃጭ 1.5 ሚሊዮን ቶን እንደሚደርስ ገመተ፤ ይህ መጀመሪያ ከተነገረው እጅግ ይበልጣል። የመጨረሻው ሪፖርት ሊቀርብ ሲል ኩባንያው «ውሉን ጥሰሃል» ብሎ አሰናበተው። ማን እውነት እንዳለው ፍርድ ቤት ያውጣው። እኔ ግን የሙያዬን ነገር ልናገር። ተመርማሪው ለመርማሪው መክፈሉ በራሱ ነውር አይደለም፤ በኛ ሙያ ሁሌም እንዲሁ ነው። ነውሩ ሪፖርቱን የሚረከበውና መርማሪውን የሚያሰናብተው ያው ተመርማሪ ሲሆን ነው። ኩባንያው ገንዘቡን በመንግሥት እጅ ቢያስይዝ፣ ድርጅቱን የሚቀጥረውና ሪፖርቱን የሚቀበለው ኤጀንሲው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህች ሴት የያዘችውን መሬት ትመነው ወይስ ትተወው ታውቅ ነበር። ይህን ለማድረግ አዲስ ሕግ አያስፈልግም፤ አንድ ደብዳቤ ይበቃል።

በመስከረም ከ170 በላይ ገበሬዎች ሉሳካ ከፍተኛ ፍርድ ቤት 80 ቢሊዮን ዶላር የሚጠይቅ ክስ አቅርበዋል። ቁጥሩ ካገሪቱ ዓመታዊ ጠቅላላ የኢኮኖሚ ምርት ይበልጣል፤ እንደሚከፈል የሚያምን ሰው አላገኘሁም። ሴትዮዋ ከከሳሾቹ መካከል መሆን አለመሆንዋን አልጠየቅኳትም።

ስመለስ ሻኪሶን አሰብኩ። በለገደንቢ የወርቅ ማዕድን አጠገብ የሚኖሩ ሰዎች ስለልጆቻቸውና ስለከብቶቻቸው ጤና ዓመታት ጮኸው፣ በ2018 ሕዝብ አደባባይ ወጥቶ ነው ፈቃዱ የታገደው። እዚያም የተጠየቀው ይኸው ነበር፤ ማን ለካው?

ዓርብ፣ ጥቅምት 14፤ ቺንጎላ

ዛሬ ዛምቢያ ነፃ የወጣችበት ቀን ነው፤ 1964። ቢሮ ዝግ፣ መንገድ ክፍት። ልጆች ትናንሽ ባንዲራ ይዘው ይሮጣሉ፤ ከአረንጓዴው ጥግ ላይ ያለው ብርቱካናማ መስመር የማዕድኑ ነው።

የንቻንጋ ክፍት ጉድጓድ ከከተማው ዳር ነው፤ ጥልቀቱ 400 ሜትር ያህል። ከላይ ሆኖ ሲታይ ታች ያለው የጭነት መኪና ይጠፋል። ብዙ ልጽፍበት አልችልም፤ ጉድጓድ ያው ጉድጓድ ነው። የቺንጎላ ቁም ነገር ያለው ከጉድጓዱ በታች ካሉት መንደሮች ነው።

ማዕድኑን የያዘው ኮንኮላ የመዳብ ማዕድን ነው፤ አብላጫ ባለድርሻው መሥሪያ ቤቱ ለንደን የሆነው ቬዳንታ። በኅዳር 2006 ዝቃጭ ወደ ካፉዌ ፈሶ የከተማው ሰው ውኃ አጣ። በ2011 የሉሳካ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ለሁለት ሺህ ነዋሪዎች 10 ቢሊዮን አሮጌ ክዋቻ ፈረደላቸው። በ2015 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጥፋቱን አጽንቶ ካሳውን ግን የሐኪም ማስረጃ ላቀረቡ ጥቂቶች ብቻ አደረገው። መርዝ የጠጣ ድሃ ገበሬ በዚያው ሳምንት ሐኪም ዘንድ ሄዶ ወረቀት አስጽፎ እንዲያስቀምጥ መጠበቅ ነው ይህ። በሌላ ክስ እነሺሙላላን የመሳሰሉ መንደሮች ሰዎች ለንደን ሄዱ። በሚያዝያ 2019 የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ክሱ እዚያ ሊታይ ይችላል አለ። ምክንያቱን ሳነበው ለዛምቢያ ዳኞች ስድብ አልነበረበትም፤ እንዲህ ያለውን ግዙፍ ክስ በራሳቸው ወጪ የሚይዙ ጠበቆችና ገንዘብ በአገር ውስጥ ስለማይገኙ እውነተኛ ፍትሕ ላያገኙ ይችላሉ ነው ያለው። በጥር 2021 በስምምነት ተጠናቀቀ።

መንግሥት በበኩሉ በግንቦት 2019 ማዕድኑን ነጥቆ በአጣሪ እጅ አስገባ። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ፤ በ2023 ለቬዳንታ እንዲመለስ ተስማሙ። መንግሥት ኩባንያውን ከነጉድጓዱ መንጠቅ ቢችልም ወንዙን በየወሩ መለካት ግን ተሳነው። «አባቱ ዳኛ ልጁ ቀማኛ» የሚለውን የኛን ተረት ለሹፌሩ ተርጉሜ ብነግረው ወዶት ደጋገመው።

ከሰዓት በሴንሴሊ በኩል ዐለፍን። በኅዳር 2023 መጨረሻ ሌሊት ዝናብ ጥሎ አፈሩ ተንዶ ጉድጓድ ሲቆፍሩ የነበሩ በርካታ ሰዎችን ቀብሯል። አሁንም አቧራ የለበሱ ልጆች ከዚያ አቅጣጫ ከረጢት ተሸክመው ይመጣሉ። በዓል መሆኑን የነገራቸው ያለ አይመስልም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15፤ ቺሊላቦምብዌና ካሱምባሌሳ

ቺሊላቦምብዌ ያለው የኮንኮላ ማዕድን በዓለም ላይ ውኃ ከሚበዛባቸው አንዱ ነው፤ በየቀኑ ከ300,000 ሜትር ኩብ በላይ ውኃ ካልተቀዳ ይሰምጣል። ከዚያ ጥቂት ወጣ ሲሉ የኮንጎ ድንበር ካሱምባሌሳ ነው። የተሳቢዎቹ ሰልፍ ከኬላው ሩቅ ይጀምራል፤ ሹፌሮቹ ከመኪናቸው ሥር ድስት ጥደዋል። ስዋሂሊ፣ ቤምባ፣ ፈረንሳይኛ።

አንድ ትራንዚተር ወረቀቶቹን እያገላበጠ አሠራሩን አስረዳኝ። የጭነቱ ክብደት የመኪና ሚዛን ላይ ይታያል፤ ይህን መዋሸት ይከብዳል። በአንድ ቶን ገና ባልነጠረ የመዳብ ማዕድን ውስጥ ስንት መዳብ፣ ስንት ኮባልት፣ ስንት ወርቅ እንዳለ የሚነግረው ግን የቤተ ሙከራ ወረቀት ነው፤ ያ ወረቀት ደግሞ በአብዛኛው ከአምራቹ ይመጣል። የገቢዎች ባለሥልጣኑ ከተባበሩት መንግሥታት የንግድና ልማት ጉባኤ ጋር ያሠራው ሞዝስ የሚባል የኮምፒውተር ሥርዓት አለ፤ ኩባንያዎች ያመረቱትን በየወሩ እዚያ ያስመዘግባሉ። ጥሩ ሥርዓት ነው፤ ወደ ጉሙሩክ መዝገብም ይገናኛል። መዝገቡን የሚሞላው ግን ኩባንያው ነው። የመንግሥት ቤተ ሙከራ በናሙና ያጣራል። በናሙና ማጣራት ለኔ እንግዳ አይደለም፤ ዕድሜ ልኬን የሠራሁት እሱን ነው፤ ሁሉም ነገር የሚያያዘው ናሙናውን ማን እንደመረጠውና ስንት እንደሆነ ላይ ነው። ስንት መኪና ከስንት እንደሚመረመር ጠየቅኩት። ዙሪያውን አየና ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው።

ወደ ኪትዌ በሚመለሰው ሚኒባስ አጠገቤ የተቀመጠችው ወጣት የኮፐርቤልት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆና ተገኘች፤ ኬሚስትሪ፣ የመጨረሻ ዓመት። በማዕድን ቤተ ሙከራ የተግባር ልምምድ አድርጋለች። ማዕድን አድቅቀው፣ በአሲድ አሟሙተው፣ ንጥረ ነገሩን በሚያነብበው መሣሪያ እንዴት እንደሚለኩት በእጅዋ እያሳየች አስረዳችኝ፤ እንዲህ ደስ እያለው ስለ ሥራው የሚያወራ ሰው ከሰኞ ጀምሮ አላየሁም። ስትመረቂ የት ታመለክቻለሽ፣ አዲሱ ኮሚሽን ጋ ነው ወይስ ኩባንያ ጋ አልኳት።

«መጀመሪያ ኩባንያ፤ ደመወዙ አይገናኝም» አለች፤ ከዚያ ትንሽ አሰብ አድርጋ «ደግሞም መሣሪያው ያለው እነሱ ጋ ነው። ኮሚሽኑ ሲገዛ ይጥሩኝና እመጣለሁ።»